የተማሪ ቤት በአንድ ጋሎን ቀለም አይታደስም
ተከራይ ተማሪዎች ቤታቸውን በራሳቸው እጅ እንዲያሳምሩ ለሚመክረው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ተከራይተው በደባልነት ለሚኖሩ ተማሪዎች የተጻፈው ምክር ሰሞኑን ብዙ ሰው እጅ ገብቷል። ባጭሩ የሚለው ይህን ነው፦ ድሪል ያለው ሙሉ የመሣሪያ ሳጥን ግዙ፤ ግድግዳውን በአንድ ጋሎን ቀቡት፤ መደርደሪያ በፊሸር (ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ቪት በሚይዝ ፕላስቲክ) ስቀሉ፤ ሶኬት ካነሰ ሽቦ ቀጥላችሁ በናስትሮ (በሽቦ ማሸጊያ ፕላስተር) ጠቅልሉ፤ ቧንቧ ከተበላሸ ግን አትንኩት፣ ባለሙያ ጥሩ፤ ዕቃ ሁሉ ያገለገለ ከሚሸጥበት ከመርካቶው ምናለሽ ተራ ይገዛ፤ ብርድ ከገባ መስኮቱን ድፈኑት፤ ለአከራይ መንገርም አያስፈልግም። ምክሩ ከቅንነት የመጣ ነው። ተማሪ በራሱ እጅ መሥራት ቢለምድ እኛም ደስ ይለናል። ችግሩ ጸሐፊው ሊፈራ በሚገባው ቦታ መድፈራቸው፣ ሊደፈር በሚገባው ቦታ ደግሞ መፍራታቸው ነው። እንደ ጽሑፉ ያደረገ ተማሪ ያተረፈ እየመሰለው ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ጸሐፊው ወጪን የሚለኩት በሱቅ ዋጋ ብቻ ነው። ተከራይ ግን ከዋጋው በፊት ሁለት ነገር መጠየቅ አለበት። ዕቃው ቤቱን ስንለቅ አብሮን ይወጣል ወይስ ለግድግዳው ይቀራል? ለስንት ወርስ ያገለግለናል? ሁለት ዓመት የሚያገለግልና ይዛችሁት የምትወጡት መደርደሪያ ዋጋው ለ24 ወር ይካፈላል። ግድግዳ ላይ የቀረ ቀለም ግን ለአከራዩ የተሰጠ ስጦታ ነው። ከዚህ በታች የምንናገረው በመጠን እንጂ በብር አይደለም። ዋጋ በየወሩ ይለዋወጣል፤ የሊትሩና የሜትሩ ልክ ግን ያው ነው።

«ሙሉ የመሣሪያ ሳጥን ግዙ»

አትግዙ። ተማሪ ቤት ውስጥ የሚያጋጥመውን አብዛኛውን ሥራ ለመሥራት ጠፍጣፋና ባለመስቀል ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ፓፓጋሎ (አፉ የሚሰፋና የሚጠብ የቧንቧ መፍቻ)፣ መዶሻ፣ የ5 ሜትር መለኪያና ስፓቱላ ይበቃሉ። በዓመት ሦስት ቀዳዳ ለመብሳት ድሪል መግዛት ብክነት ነው፤ ከሰፈር አናጢ ለአንድ ሰዓት ተከራዩት። ብር አዋጥቶ አንድ ዕቃ በጋራ መግዛትም ጣጣ አለው። ደባሎች ሲለያዩ ፓፓጋሎው ለሁለት አይከፈልም። አንዱ ካቻቢቴዎቹን፣ ሌላው ፓፓጋሎውን በየስሙ ይግዛና በጋራ ተጠቀሙበት።

«አንድ ጋሎን ቀለም ክፍሉን ይለውጠዋል»

ስሌቱን አብረን እንሥራው። 3 በ4 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 2.6 ሜትር የሆነ ክፍል የግድግዳው ዙሪያ 14 ሜትር ነው። 14 በ2.6 ሲባዛ 36 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። በርና መስኮት ሲቀነስ 33 ካሬ ይቀራል። አንድ ሊትር የውሃ ቀለም በደህና ግድግዳ ላይ አንድ እጅ ሲቀባ ከ8 እስከ 10 ካሬ ይሸፍናል። ደንበኛ ሥራ ደግሞ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ የሚሸፈነው 66 ካሬ ነው፤ ከ7 እስከ 8 ሊትር ማለት ነው። 4 ሊትር እንኳ የማይሞላ አንድ ጋሎን አንድ እጅ ቀብቶ ያልቃል። ያን ጊዜ ተማሪው ወይ ውሃ እያበዛ ያቀጥነዋል፣ ወይ ሌላ ጋሎን ሊገዛ ይሄዳል። የቀጠነ ቀለም የድሮውን ከለር አይሸፍንም፣ እጅ ሲነካውም ይለቅቃል። ሌላው ጋሎን ደግሞ እዚያው ሱቅ የተቀመመ ከለር ከሆነ ከመጀመሪያው ጋር ላይመሳሰል ይችላል።

አንድ ጋሎን ብቻ መግዛት ከቻላችሁ አንድ ግድግዳ ቀቡ። የጠረጴዛው ወይም የአልጋው ራስጌ ያለበት የ4 ሜትር ግድግዳ 10.4 ካሬ ነው፤ ሁለት እጅ ሲቀባ 21 ካሬ ይደርሳል፤ ሁለት ሊትር ተኩል ገደማ ይበቃዋል። ትንሽም ይተርፋል፣ የተረፈው ደግሞ በኋላ ያስፈልጋችኋል። ሦስቱን ግድግዳ ሳሙና በነካ ጨርቅ ማጠብ ብቻ ይበቃል። ንጹሕ ግድግዳ ከአንድ ከለር ጋር ሲሆን ክፍሉ አዲስ ይመስላል።

ጸሐፊው ያለፉት ዋና ነገር ዝግጅቱ ነው። ከመቀባታችሁ በፊት ግድግዳውን በመዳፋችሁ እሹት። ነጭ ዱቄት መዳፋችሁ ላይ ከቀረ ድሮ በኖራ ወይም በርካሽ ቀለም የተቀባ ነው። በዚያ ላይ የሚቀባ ቀለም የሚይዘው ግድግዳውን ሳይሆን ዱቄቱን ነው፤ ከጥቂት ወር በኋላ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ዱቄቱን በደረቅ ብሩሽ አራግፉ፣ በእርጥብ ስፖንጅ ጥረጉ፣ ይድረቅ፤ ከዚያ ለሥር የሚቀባውን ማያያዣ አንድ እጅ አልብሱት። የሚስማር ቀዳዳ በስቱኮ ይደፈናል። ትልቅ ቀዳዳ ከሆነ በአንድ ጊዜ አትሙሉት፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በሁለት ዙር ሙሉት፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት 120 ቁጥር፣ ከዚያ በ180 አለስልሱት። በመጀመሪያውና በሁለተኛው እጅ መካከል ቢያንስ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይቆይ፤ በክረምት ደግሞ ከዚያም በላይ።

ክረምትን ካነሳን ዘንድ፣ ተማሪ ቤት የሚይዘው መስከረም ላይ ነው። ግድግዳው ሦስት ወር ዝናብ ጠጥቶ የቆየበት ጊዜ ነው ማለት ነው። ጸሐፊው «ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ቀለሙ ይሸፍነዋል» ብለዋል። አይሸፍነውም፤ ሻጋታ በቀለም ሥር ሆኖ ያድጋል፣ ቀለሙንም አረፋ አውጥቶ ይጥለዋል። መጀመሪያ እርጥበቱ ከየት እንደመጣ እወቁ። 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፋችሁ 24 ሰዓት ተዉት። ጠል የያዘው ከፕላስቲኩ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ከሆነ ውሃው የሚመጣው ከግድግዳው ውስጥ ነው፤ ምናልባት ከላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ቤት፣ ምናልባት ከውጭ ስንጥቅ። ይህ የአከራዩ ሥራ ነው፤ ቀለም አትጨርሱበት። ጠሉ ከፊት ለፊት፣ በክፍሉ በኩል ከሆነ ግን ምንጩ የእናንተው ምግብ ማብሰልና ቤት ውስጥ ልብስ ማስጣት ነው። መስኮት መክፈትና አልጋና ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ማራቅ ብዙውን ይፈታዋል። ሻጋታውን ለማጽዳት በ1 ሊትር ውሃ አንድ የቡና ስኒ በረኪና በቂ ነው፤ ቀቡት፣ 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ በብሩሽ ፈግፍጉ፣ በውሃ ጥረጉ። ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

«መደርደሪያ በፊሸር ግድግዳ ላይ ስቀሉ»

የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብሎኬት ነው፣ ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው። የብሎኬቱ ፊት ውፍረት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ተራ ፊሸር ፊቱን አልፎ ባዶው ውስጥ ይገባና የሚነክሰው ያጣል፤ ቪቱን ስታጠብቁት አብሮ ይሽከረከራል። በሚስማር ከሞከራችሁት ደግሞ ልስኑ እንደ ሳህን ይረግፋል። አንዳንዱ ክፍል የተከፈለው አግሮስቶን በሚባል ቀላል ሰሌዳ ነው፤ እሱ የመጽሐፍ ክብደት ከቶ አይሸከምም። በጣታችሁ አንኳኩት፣ ድምፁ ይነግራችኋል። ፎቶና ቀላል መስታወት ስቀሉበት፤ አንድ ሜትር ሙሉ መጽሐፍ ግን ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ የሚወድቀውም የተኛ ሰው ላይ ሊሆን ይችላል።

መሬት ላይ የሚቆም መደርደሪያ ሥሩ። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ 122 በ244 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ቺፑድ ለሁለት ደባሎች ሁለት መደርደሪያ ይወጣዋል። ቆራጩ መጀመሪያ በቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያላቸው አራት ረጃጅም ቁራጮች ያውጣ። መጋዙ በእያንዳንዱ ቆረጣ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይበላል፤ ሦስት ቆረጣ 9 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ 122ቱ በልኩ ይበቃል። ከአራቱ ሁለቱ እያንዳንዳቸው በ120፣ በ120 ተቆርጠው አራት ጎን ይሆናሉ። የቀሩት ሁለቱ በ60፣ በ60 ተቆርጠው ስምንት ንጣፍ ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ መደርደሪያ ሁለት ጎንና አራት ንጣፍ ደረሰው። ንጣፉን ከ60 ሴንቲ ሜትር አታስረዝሙት፤ ቺፑድ በ80ና በ90 መጽሐፍ ሲጫንበት በጥቂት ወር ይጎብጣል፣ ቢያወርዱለትም አይመለስም።

አገጣጠሙ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቪቱን በቀጥታ ወደ ጠርዙ በማስገባት ነው። ቺፑድ የተጣበቀ የእንጨት ፍቅፋቂ ስለሆነ ጠርዙ ይፈነዳል። ለ4 በ50 ሚሊ ሜትር ቪት በመጀመሪያ በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ ብሱ፣ ጠርዙን ኮላ ቀቡ፣ ከዚያ ቪቱን በእጅ አጥብቁ፤ ቆም ሲል አቁሙ። አንዴ ውስጡን ከፈጨው አይይዝም። በእያንዳንዱ ጫፍ ሁለት ቪት ሲሆን ለሁለቱ መደርደሪያ 32 ያስፈልጋል፤ 40 ግዙ። ከጀርባው ስስ ኮምፖልሳቶ ወይም ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ አንድ ቀጭን ጣውላ ምቱበት። ይህ ከሌለ መደርደሪያው ወደ ጎን ይዘማል፣ መገጣጠሚያውም ይላላል። ሥሩን በሁለት ቁራጭ እንጨት ከወለሉ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፤ ወለል ሲወለወል ውሃ የነካው ቺፑድ ያብጣል። ከባዱ መጽሐፍ ሁልጊዜ ታች ይቀመጥ።

«ሶኬት ካነሰ ሽቦ ቀጥላችሁ በናስትሮ ጠቅልሉት»

ይህ ምክር ሰው ይገድላል፤ ይህን ምላሽ እንድንጽፍ ያስገደደን ከሁሉ በላይ እሱ ነው።

መብራታችን 220 ቮልት ነው። በተለመደው አሠራር የሶኬት መስመር በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና በ16 አምፔር ብሬከር፣ የአምፖል መስመር ደግሞ በ1.5 ሽቦና በ10 አምፔር ብሬከር ይሠራል። 16 በ220 ሲባዛ 3,520 ዋት ነው። አንድ መስመር ላይ 1,500 ዋት ምድጃና 2,000 ዋት የውሃ ማፍያ አንድ ላይ ከሠሩ ልኩ ሞላ፤ ካውያ ሲጨመር ብሬከሩ ይወርዳል። ብሬከሩ ሲወርድ አልተበላሸም፣ ሥራውን ሠራ። በ32 የሚቀይር ሰው ብሬከሩን አትርፎ ሽቦውን ግድግዳ ውስጥ ያቃጥላል።

የዲቫይደር ገመድ ብዙ ጊዜ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። የሚችለው 6 አምፔር ያህል ነው፣ ወደ 1,300 ዋት። የ1,500 ዋት ምድጃ ወደ 7 አምፔር ይስባል። ለስልክ፣ ለላፕቶፕና ለመብራት ይበቃል፤ ለምድጃ ግን አይበቃም። ምድጃ በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካ፤ የግድ ገመድ ካስፈለገ 1.5 ካሬ የሆነ፣ ኧርዝ ያለው ይሁን። ተጠቅልሎ የተቀመጠ ገመድ ሙቀቱን ማስወጣት ስለማይችል ሙሉ በሙሉ ዘርጉት። ዲቫይደር ላይ ዲቫይደር አትሰኩ። ስትገዙ የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ፋቅ አድርጉ፤ ላዩ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነውና ተዉት። ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ለሩብ ሰዓት ሲሠራ ስፒናውን ንኩት፤ ለብ ማለቱ ያለ ነው፣ እጅ የሚያስለቅቅ ከሆነ ግን ወዲያው ንቀሉ።

ስለ ቅጥያውም ምክንያቱን እንናገር። ተጠማዝዞ በናስትሮ የታሰረ ሽቦ ከጊዜ በኋላ ይላላል። የላላው ቦታ መብራቱን በግማሽ ኦም (ኦም የእገዳ መለኪያ ነው) ብቻ ቢያግድ፣ 7 አምፔር ሲያልፍበት በዚያች ነጥብ ላይ ከ24 ዋት በላይ ሙቀት ይወጣል። ይህ የብየዳ ካውያን የሚያግል ሙቀት ነው፣ ያለው ግን ፍራሽ ሥር ወይም ከመጋረጃ ጀርባ ነው። ናስትሮው ይቀልጣል፣ ቀጥሎ ያለው ይያያዛል። ብሬከሩ ደግሞ አያየውም፤ የሚያልፈው መብራት ከልኩ አልበለጠምና። ባለሙያ በሞርሴቶ (ሽቦን በቪት በሚያጣብቅ ማያያዣ)፣ በሳጥን ውስጥ ያስረዋል፤ ይህ ለሠራተኛ የሚከፈል ብር የማይሰሰትበት ቦታ ነው።

በራሳችሁ መሥራት የምትችሉት አምፖል መቀየርና ከግድግዳ የተነቀለ ዕቃ ስፒና መቀየር ነው። ስፒና ስትቀይሩ ቢጫና አረንጓዴውን የኧርዝ ሽቦ ከሌሎቹ ትንሽ አስረዝሙት፤ ገመዱ በድንገት ቢጎተት መጨረሻ የሚለቀው እሱ መሆን አለበት። የአምፖሉ ደግሞ እውነተኛ ቁጠባ ነው። 60 ዋት የድሮ አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፤ 9 ዋት ኤልኢዲ ግን 1.35 ብቻ። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም የሚጨምርበት ስለሆነ፣ ብዙ ተከራይ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ቤት ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። የድሮውን አምፖል አስቀምጡት፤ ስትለቁ መልሳችሁ ታስሩታላችሁ፣ ኤልኢዲው ከእናንተ ጋር ይሄዳል።

«ቧንቧ አትንኩ»

እዚህ ጋ ነው ጸሐፊው ያለምክንያት የፈሩት። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ መጠገን ከሁሉ የቀለለና ቶሎ ዋጋውን የሚመልስ ሥራ ነው። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚጥል ቧንቧ በቀን ወደ 20 ሊትር ያህል ያፈሳል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አንድ ጀሪካን ማለት ነው።

ቧንቧው ብዙ ዙር የሚዞር የድሮ ዓይነት ከሆነ ጥፋቱ የጎሚኒው (ውሃውን የሚዘጋው ትንሽ ጎማ) ነው። ዋናውን መዝጊያ ዝጉ፣ ቧንቧውን ከፍታችሁ የቀረውን ውሃ አፍስሱ። እጀታውን በካቻቢቴ፣ ከሥሩ ያለውን ነት በፓፓጋሎ ፍቱ። የተበላውን ጎሚኒ ይዛችሁ ሱቅ ሂዱና በልኩ ግዙ፤ በግምት የተገዛ ጎሚኒ አይገጥምም። ከመግጠማችሁ በፊት ጎሚኒው የሚቀመጥበትን ቦታ በጣት ዳስሱ፤ ናሱ ተቦርቡሮ ከሆነ አዲስ ጎሚኒም በሳምንት ይበላል፣ ያን ጊዜ ሙሉውን መቀየር ይሻላል። ሙሉ የግማሽ ኢንች ቧንቧ ስትቀይሩ ጥርሱን በቴፍሎን ከ10 እስከ 12 ዙር ጠቅልሉት። የጥርሱን ጫፍ ወደ ራሳችሁ አዙራችሁ ስታዩት አጠቃለሉ የሰዓት ዘንግ በሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን፤ በተቃራኒው ከሆነ ሲጠብቅ ይተረተራል። በኃይል አትጠምዝዙት፤ ግድግዳው ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ቱቦ መገጣጠሚያ ከተሰነጠቀ ጥፋቱ ልስን ያስፈርሳል።

ሥራውን ውሃ በሚመጣበት ቀን፣ ጠዋት ሥሩ። በሌለበት ቀን የተገጠመ ቧንቧ ማንጠባጠቡ የሚታወቀው ውሃው ሌሊት ሲመጣ ነው። ክፍት የተረሳ ቧንቧ ደግሞ ታች ያለውን ጎረቤት ጣሪያ ያበሰብሳል።

«ሁሉንም ከምናለሽ ተራ»

በግማሹ እንስማማለን። ብረት ግዙ፦ የብረት አልጋ፣ ማጠፊያ፣ እጀታ፣ የጠረጴዛ እግር። ብረት ቢዝግ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ይቀባል። ፍራሽና ስፖንጅ ያለው ወንበር ግን አትግዙ፤ ትኋን ይዞ ከገባ ለማጥፋት የምታወጡት ከፍራሹ ዋጋ ይበልጣል። የብረት አልጋም ቢሆን ቧንቧው ባዶ ስለሆነ ትኋን ውስጡ ይደበቃል። ቤት ሳይገባ በየመገጣጠሚያውና በየቀዳዳው የፈላ ውሃ አፍስሱበት። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ትኋንንና ዕንቁላሉን ለመግደል ግን ከ50 ዲግሪ በላይ ይበቃል፣ ሙቀቱ በደንብ እስኪገባ ድረስ ብቻ አትቸኩሉ። ያገለገለ ብሬከር፣ ሶኬትና የጋዝ ጎማ በምንም ዋጋ አይገዛም። ፓሌት ካገኛችሁ ማህተሙን እዩ፤ «ኤች ቲ» (HT) የሚለው በሙቀት የታከመ ነው፣ «ኤም ቢ» (MB) የሚለው በመርዝ ጋዝ የታከመ ስለሆነ አልጋ አትሥሩበት።

መስኮት ስለመድፈን አንድ ቃል ብቻ። በስፖንጅ ፕላስተር ንፋስ የሚገባበትን ክፍተት መቀነስ ይቻላል፤ ከሰል የሚገባበት ቤት ግን ፈጽሞ አይደፈን። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞትበታል። የቡና ፍሙም ቢሆን ሳይጠፋ ክፍል ውስጥ አይደር።

«ለአከራይ መንገር አያስፈልግም»

የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዝቅተኛው ዘመኑም 2 ዓመት እንዲሆን ይላል፤ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። እንግዲህ ውሉ ሲጻፍ የቤቱን ሁኔታ የምታስመዘግቡበት ዕድል አላችሁ። በገባችሁበት ቀን የተሰነጠቀውን፣ የሻገተውን፣ የሚያንጠባጥበውን ሁሉ ቀን በሚያሳይ ፎቶ አንሱና ለአከራያችሁ ላኩ። ከለሩን ከመግዛታችሁ በፊት አሳዩአቸው፤ ብዙ አከራይ ቤቱ በንጽሕና ሲያዝለት ደስ ይለዋል፣ አንዳንዱም የቀለሙን ዋጋ ከኪራዩ ይቀንሳል። «እትዬ፣ ቀለሙን እኛ እንቀባ፣ ግማሹን ከኪራይ ይቀንሱልን» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። የተስማማችሁትን ግን በአንድ መስመርም ቢሆን በጽሑፍ አስቀሩት።

ከጋሎኑ የተረፈውን ቀለም በደንብ በሚከደን የመስታወት ዕቃ ገልብጡና የከለሩን ቁጥር ላዩ ላይ ጽፋችሁ ከአልጋ ሥር አስቀምጡት። ቤቱን ስትለቁ የሚስማሩን ቀዳዳ በስቱኮ ደፍናችሁ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሱታላችሁ፤ ከዚያ በዚያችው ቀለም ሁለት ጊዜ ዳበስ ታደርጉታላችሁ።